የወርቄ ድንጋይ

ያ ክረምት ከበደ። ዝናቡ በሰኔ መጀመሪያ ገባና አልወጣም። ግንባታው ሁሉ ቆመ፤ አሸዋ የሚያስጭን ሰው ጠፋ። ናፍጣ ለመቅዳት መኪና አሰልፎ ማደር የተለመደ ሆነ። የጭነት መኪና ነጂው የሱሌማን ረዳት፣ ሥራ ሲቀዘቅዝበት፣ ወደ አዳማ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣ። ሱሌማን ከመገናኛ ወዲያ ያሉትን ሰፈሮች ሲዞር ይውልና ባዶ መኪናውን ይዞ ይገባል። ቤት ውስጥ ሥጋ ተረሳ። ስኳር ለእንግዳ ብቻ ሆነ።

አልፎ አልፎ የሚገኘው ሥራ የቤት ዕቃ ማጓጓዝ ነበር። ኪራይ የከበደው ሰው ወደ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ይገባል፤ አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ የውሃ በርሜሉን ሱሌማን ይጭንለታል። ችግሩ ዳገት ላይ ሲቆም ነው። የመኪናው የእጅ ፍሬን ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ በቆመ ቁጥር አንድ ሰው ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ የሚሆን ድንጋይ ማድረግ አለበት። ረዳት ደግሞ የለም።

"እኔ እወርዳለሁ" አለች ሚስቱ ፈዲላ።

"አንቺ?"

"ምን አለበት? ወሎ ተወልጄ ድንጋይ ማንሳት ልታስተምረኝ ነው?"

እንዲህ ሆነና ክረምቱን ፈዲላ ጋቢና ውስጥ፣ ድንጋዩም እግሯ ሥር ሆኖ ከረሙ። ሱሌማን የእግር ፍሬኑን ረግጦ ይይዛል። እሷ ቀሚሷን ሰብስባ ትወርድና ድንጋዩን ከጎማው ሥር ትሸጉጣለች። ከዚያ "ያዘ!" ብላ ትጮኻለች። ሱሌማን ያቺን ቃል ሳይሰማ እግሩን ከፔዳሉ ላይ አንስቶ አያውቅም።

ድንጋዩ የእነሱ አልነበረም። ሳሊተ ምሕረት አጠገብ፣ ዳገቱ ላይ፣ የቆርቆሮ ሱቅ ያላት ወርቄ የምትባል ሴት አለች። ሽንኩርትና ከሰል ትሸጣለች። ከብዙ ዓመት በፊት ሱሌማን ብሎኬት ጭኖ ከሱቋ በላይ አቆመ። የእጅ ፍሬኑን ስቦ ሊወርድ በሩን ሲከፍት መኪናው ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረ። ወርቄ አልሮጠችም። የሱቋ ደረጃ የሆነውን ጥርብ ድንጋይ ከጭቃው ፈንቅላ ከጎማው ሥር ወተፈችው። መኪናው ድንጋዩ ላይ ተደግፎ ቆመ። በመኪናውና በሱቁ መካከል የቀረው አንድ ሰው እንኳ የሚያሳልፍ አልነበረም።

"ድንጋዩን ለዛሬ ያውሱኝ፤ ነገ እመልሳለሁ" አላት።

አልመለሰም። ሌላ ድንጋይ አመጣላት፤ እምቢ ብላ በደረጃው ቦታ ሣጥን ደፋች። ያኛውን ጠርቦ ያስቀመጠው ባሏ አስፋው ነበር፤ አስፋው ደግሞ በሕይወት የለም። ሱሌማን አፈረ። ቢያፍርም ነፍስ ያተረፈ ድንጋይ ከእጁ እንዲወጣ አልፈለገም። በአንድ ወገን ሳሳ፣ በሌላው ወገን ወፈር ያለ ነው፤ ለታኮ የተሠራ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ባለፈ ቁጥር ወርቄ አንገቷን ብቅ ታደርጋለች።

"አንተ ድንጋይ ሌባ! ደረጃዬን አምጣ!"

"እሺ እትዬ ወርቄ፣ ፍሬኑን ላሠራና!"

"አንተ ፍሬን እስክታሠራ እኔ ሣጥን ላይ ስወጣ ልሙት?"

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አራብሳ ሲደርሱ አንድ ዳገት ላይ ቆሙ። ፈዲላ ድንጋዩን ይዛ ወረደች። ሱሌማን ፍሬን ረግጦ ጠበቀ። መኪናው ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ቃሉ አልመጣም።

"ፈዲላ!"

"ፈዲላ! ያዘ?"

እግሩን ቢያነሳ መኪናው በላይዋ ላይ ይሄዳል። ካላነሳ ወርዶ ሊያያት አይችልም። መሪውን ጨብጦ ፔዳሉን ይበልጥ ረገጠ። ዝናቡ ጣሪያውን ይመታል።

ቆይቶ፣ በቀጭን ድምፅ፣ "ያዘ" አለች።

ወርዶ አያት። ጎማው ጣቷን ከድንጋዩ ጋር አጣብቆ ጨፍልቆታል። ጥፍሯ ጠቁሮ ደም ቋጥሯል።

"ጥፍር ነው" አለች። "ይበቅላል።"

ሱሌማን ጣቷን በጨርቅ ጠቀለለላት። በነጋታው መኪናውን ጎሮ ወዳለው ወደ ፍትዊ ጋራዥ ወሰደው።

ፍትዊ ወሬ የሚወድ መካኒክ ነው። የፊት ጎማዎቹን በእንጨት ታኮ አገደ፤ የኋላውን በክሪክ አንስቶ ጎማውን ፈታ። ፍሬኑን የሚሸፍነው ክብ ብረት፣ ታምቡሩ፣ አልወጣ አለ። በመዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያለ መታ መታ አደረገው፤ ተላቀቀ። ውስጡ ጥቁር ዱቄት ነበር። ሱሌማን ጎንበስ ብሎ እፍ ሊለው ሲል ፍትዊ እጁን ያዘው።

"አይ ጋሽ ሱሌማን! ይሄ ሳንባ ውስጥ ነው የሚገባው።" ውሃ አርከፍክፎ አጠበው። ከዚያ ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመውን ሸራ አየ፤ ፉጨት አሰማ። "ሸራ የሚባል የለም እኮ! ብረት ለብረት ነው የሚፋጨው። እስከ ዛሬ በዱዓ ነው የሚነዱት?"

"በእኔ ዱዓ ነው" አለች ፈዲላ። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣለች፤ ጣቷ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

የቀኙ ሲፈታ ጥቂት ሸራ ተገኘበት።

"የግራውን ብቻ ብንቀይርስ?" አለ ሱሌማን።

"ፍሬን ሲይዙ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትትዎታል። ሁለቱም ጎን አብሮ ነው የሚቀየር።" ፍትዊ ከመኪናው ሥር ገባ። "እስቲ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡት።"

ሱሌማን ሳበ። መያዣው ካለበት ንቅንቅ አላለም።

"ገመዱ ዝጎ ተጣብቋል" አለ ፍትዊ ከሥር። "መጨረሻ የሳቡት መቼ ነው?"

"ሳሊተ ምሕረት ዳገት ላይ ከሸሸብኝ ወዲህ ስቤው አላውቅም። ድንጋይ እያለኝ ለምን እስበዋለሁ?"

ፍትዊ ከሥር እየተሳበ ወጣ። ፊቱ በቅባት ተለቅልቋል።

"እሱ ነዋ! ያልተሳበ የእጅ ፍሬን ይሞታል። ውሃ ይገባዋል፤ ይዝጋል፤ ይጣበቃል። ያኔ የሸሸብዎት ላልቶ ስለነበር ነው፤ ማጥበቅ ብቻ ነበር ሥራው። ከዚያ ወዲህ የገደለው ግን ድንጋይዎ ነው።"

ፈዲላ ሳቋ አመለጣት። "ሰማህ? እኔ ክረምቱን ሙሉ ገዳዩን አቅፌ ነው የከረምኩት!"

ሱሌማን ድንጋዩን አየ። ባለውለታዬ ያለውን ነገር ሌላ ሰው ጠላትህ ነው አለው።

ፍትዊ በሁለቱም ጎን አዲስ ሸራ ገጠመ፤ ያረጁትን ሞላዎች ለወጠ፤ ገመዱን በአዲስ ተካ፤ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ግራሶ ቀባ። ታምቡሩን መልሶ በእጁ እያሽከረከረ ሸራውን ጥቂት በጥቂት አስጠጋ።

"ያዳምጡ። ሲያሽ ይሰማዎታል? እንዲህ ለስለስ ብሎ መንካት አለበት። ከዚህ ከጠበቀ ይግላል፤ ከላላ ይሸሻል።"

ሲጨርስ እጁን ጠረገና ወደ ድንጋዩ ጠቆመ። "ሜዳ ላይም ቢያቆሙ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡት። ይሄን ደግሞ ያውጡልኝ። ይሄ ጋቢና ውስጥ እስካለ ድረስ እጅዎ ወደ መያዣው አይሄድም።"

ከጋራዡ ጀርባ አጭር ዳገት አለ። ከበታቹ የአፈር ክምር እንጂ ሰው የለም። ሱሌማን እዚያ ወጥቶ ቆመ፤ ሞተሩን አጠፋ። ፈዲላ ከልማዷ ወደ ድንጋዩ ጎንበስ አለች።

"ተዪው። አትውረጂ።"

የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለና ከበደው። እግሩ ግን ፔዳሉ ላይ ቀረ። ፍትዊ ራቅ ብሎ እጁን አጣምሮ ያያል።

"ምን ትጠብቃለህ?" አለች ፈዲላ።

"አንቺን።"

"እኔማ ይኸው ተቀምጫለሁ። ዛሬ የሚጮህልህ የለም፤ እግርህን ራስህ አንሳ!"

ቀስ ብሎ አነሳ። መኪናው እንደ መተንፈስ ብሎ ተቀመጠ። ሱሌማን በመስኮቱ አንድ የመብራት እንጨት ላይ ዓይኑን ተከለ። እንጨቱ ካለበት አልተነቃነቀም። ቆይቶ አየው፤ አሁንም እዚያው ነው።

"አልሐምዱሊላህ" አለ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

ፈዲላ የታሰረ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። "ክረምቱ አሁን ወጣ" አለች።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ሳሊተ ምሕረት ነዳ። ዳገቱ ላይ ሲደርስ ከሱቁ በታች ቆመ። ፍሬኑን አምኖታል፤ ወርቄን ግን ሁለተኛ ማስደንገጥ አልፈለገም። ድንጋዩን ራሱ ተሸከመው። ፈዲላ ባዶ እጇን ተከተለችው።

ወርቄ ድምፅ ሰምታ ብቅ አለች። "አንተ ድንጋይ ሌ..." ብላ ሳትጨርስ ወደ መኪናው አየች። "ታኮ የለውም! ኧረ መኪናህ ሊሄድ ነው!"

"አይሄድም እትዬ ወርቄ። አሠራሁት።"

ሣጥኑን ከበሩ አንስቶ ጭቃውን ጠረገ፤ ጠጠር ደልድሎ ድንጋዩን አስቀመጠ። ወርቄ ከላይ ሆና ተመለከተች።

"ተገልብጧል። ሳሳ ያለው ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። አስፋው እንደዚያ ነበር ያደረገው።"

ነቅሎ አዞረው፤ ዙሪያውን ጠቀጠቀ። "አሁን ይርገጡት።"

ወርቄ የበሩን ጠርዝ በአንድ እጇ ያዘች። ፈዲላ በደህናው እጇ ክርኗን ደገፈቻት። ወርቄ አንድ እግሯን አወረደች፤ ቀጥላ ሌላውን። በሙሉ ክብደቷ ቆማ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ተነቃነቀች። ከዚያ የበሩን ጠርዝ ለቀቀች።

"ያዘ" አለች።

ሱሌማን ቃሏን ሲሰማ፣ ጭቃው ላይ እንደቆመ፣ ከፔዳል ላይ እንደሚያነሳ ሁሉ ቀኝ እግሩን አነሳ።