ለወንድ ልጅ የደረሰው ነፍጥ

ኑርሀያት ከአዋሽ ወደ ሰመራ የወረደችው ታናሽ ወንድሟ ሙእሚን የአባታቸውን ነፍጥ ሲተኩስ ለማየት ነው። መንገዱን ሙሉ ቅናቱ እንደ ቃር ሲያቃጥላት ዋለ። አባባ ሲሞቱ ሽማግሌዎቹ «ነፍጥ ለወንድ ልጅ ነው» ብለው ለሱ ሰጡት። ጋራዥ ሠራተኛ አይደል፣ ዝገቱን በናፍጣ ፈግፍጎ፣ የተሰነጠቀውን ሰደፍ በአዲስ ለውጦ፣ ፎቶውን በቴሌግራም ለዘመድ ሁሉ በተነው። «የአባቱ ልጅ!» ብሎ ያልጻፈለት የለም።

የአባቷ ልጅስ እሷ ነበረች። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ባሩዱን በአፈሙዙ የምትጨምረው፣ አረሩን አስከትላ በዘንግ የምትጠቀጥቀው እሷ ነበረች። «ለማንም እንዳትነግሪ፤ ሴት ልጁ ታጎርስለታለች ብለው ይስቁብኛል» ብለዋት ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ያጎረሰችው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ሳይተኮስ ቀረ፤ ዛሬም እዚያው ውስጥ አለ። ከሷ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም። «ይጠይቀኝ፣ ያኔ እነግረዋለሁ» እያለች ሦስት ወር ጠበቀች። አልጠየቃትም።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጥቁር ድንጋይ በሞላበት ሜዳ ላይ ሙእሚን ከመኪናው ወርዶ ኢላማ ተከለና ነፍጡን በሰደፉ አቆመ። ሚስቱ ዊዳድ ስልኳን ደግናለች።

«እታለም፣ ራቅ በይ። ይሄ የወንድ ጨዋታ ነው» አላት እየሳቀ።

«ውስጡንስ አጽድተኸዋል?»

«ወላሂ፣ ዘንጉ አልሄድ እስኪል!»

ዘንጉን አልሄድ ያሰኘው የሷ አረር ነው። ሙእሚን ባሩድ የቋጠረበትን ወረቀት ቀደደ። በባሩድ ላይ ባሩድ! በርሜሉ ሲፈነዳ፣ ፊቱ ሲጠፋ፣ ሬሳው በጨርቅ ተሸፍኖ ሲጫን፣ ሁሉም ባንዴ ታያት።

«ተው! ጎርሷል!» ብላ እጁን መታችው። ባሩዱ ድንጋዩ ላይ ፈሰሰ።

«ማን አጎረሰው?»

«እኔ።»

አላመናትም። ዘንጉን ነጥቃ በአፈሙዙ ሰደደችው፤ የደረሰበትን በጥፍሯ ይዛ አወጣችና በበርሜሉ ውጭ ለካችለት። የበርሜሉ ግርጌ ለመድረስ አራት ጣት ጎደለ። ሙእሚን ባለበት ቁጢጥ አለ።

አሮጌውን አረርና ባሩድ በጠምዛዛ ሽቦ ነቅለው እስኪያወጡ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች።

«አባባ ናቸው ያስተማሩሽ?»

«አዎ።»

«እኔን አንድ ቀን እንኳ አስነክተውኝ አያውቁም» አለ ቀና ሳይል።

ሦስት ወር ሙሉ እሷን ሲበላት የከረመው ቅናት ፊቱ ላይ ነበር። ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አፈረች።

«በይ አንቺው አጎርሺው።»

አጎረሰችለት። ተኮሰ። ዊዳድ እልል አለች። ሙእሚን ግን ጭሱ ሳይገፈፍ ነፍጡን ለሚስቱ አቀብሎ፣ ኢላማውን እንኳ ሳያይ ወደ መኪናው ሄደ።