የመጋዘን ሰፈር ዝናብ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለት ትወዳለች። ሥራዋም ይኸው ነው፤ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ውስጥ በየማለዳው የኮምፒውተሩ ሞዴል «ይሆናል» ያለውንና ጣቢያዎቹ የለኩትን ጎን ለጎን አስቀምጣ ታፋጥጣለች። ባልደረቦቿ «ዳኛዋ» ይሏታል። ቢሮዋ ውስጥ ማንንም አለማመን ያስመሰግናታል፤ ቤቷ የቆመው ግን ባሏን በማመን ነው።

ትናንት ባሏ አምሽቶ ገባ።

«ምን ላድርግ እመቤቴ፣ መጋዘን ሰፈር ዶፍ ወርዶ ከቢሮ አላስወጣ አለኝ» አላት።

ጫማው ደረቅ ነበር። እስኪያባራ ተጠልሎ ይሆናል ብላ ዋጠችው። ሰሞኑን ሰበቡ በዝቷል፤ እሷም መዋጥ ለምዳለች።

ዛሬ ጠዋት ሠንጠረዡን ከፈተች። ሞዴሉ ለመጋዘን ሰፈር ከባድ ዝናብ ተንብዮ ነበር፤ የሰፈሩ ዝናብ መለኪያ የላከው ግን ዜሮ ነው። ጠብ አላለም። ክው አለች። ትናንት ጠዋት «ማታ ይዘንባል፣ ጃንጥላ ያዝ» ያለችው እኮ እሷው ናት! በገዛ ትንበያዋ ሸወዳት ማለት ነው። የት አምሽቶ ይሆን? ከማን ጋር? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አሉ። እስከ እኩለ ቀን አንድ ሥራ አልሠራችም፤ ዜሮዋ ላይ አፍጥጣ ዋለች።

ከምሳ በኋላ መሣሪያ ጠጋኙ ከዙሩ ተመልሶ ብቅ አለ።

«ዳኛዋ፣ ያን ዜሮ ሰርዢው። የመጋዘን ሰፈሩ መለኪያ ጉሮሮው በቅጠል ተወትፎ ውሃው ከላይ ሞልቶ ቆሟል። ዘበኛውም ማታ ጉድ ነው የወረደው አለኝ።»

«እውነት ጋሼ? እግዜር ይስጥልኝ! ቤቴን ነው ያቆምክልኝ!»

«ኧረ በስመአብ፣ ቅጠል ነው እኮ ያወጣሁት» አለ ጠጋኙ ግራ ገብቶት።

ደስታዋ ልክ አጣ፤ ወዲያው ደግሞ እፍረት ያዛት። ምን ዓይነት ሚስት ናት ባሏን በመለኪያ የምታጣራ? ማታ እሱ ገብቶ ጫማውን ሲፈታ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ይቅር በለኝ፣ በከንቱ ጠርጥሬህ ነበር» አለችው። «መለኪያው ዜሮ ብሎ ነበር። ለካ ተደፍኖ ነው። ትናንት መጋዘን ሰፈር እውነትም ዶፍ ዘንቧል።»

የጫማውን ማሰሪያ እንደያዘ ቀና አለ። ከመገረሙ ብዛት አፉ ቀደመው።

«ዘንቧል እንዴ?» አላት።