የደነዘው ቢላ

አያትየዋና ቢላ አይዋደዱም። ስለት ያለው ነገር ሁሉ መሳቢያ ውስጥ አድፍጦ የሰው ጣት የሚጠብቅ ይመስላታል። የልጅ ልጇ ደግሞ ነገ ጠዋት በአንድ ትልቅ ሆቴል ኩሽና ልትፈተን ነው፤ ተፈታኝ ሁሉ የራሱን ቢላ ስሎ ይምጣ ተብሏል። ያላንኳኳችው በር የለም። ይሄ ካመለጣት ሌላ የላትም።

ልጅቷ ጣውላ ላይ ሦስት ዓይነት የብርጭቆ ወረቀት ለጥፋ ከምሳ ጀምሮ ቢላዋን ስትስል ነበር። በሻካራው ጀመረች፣ ወደ ለዘብ ያለው አለፈች፣ መጨረሻ ላይ ሐር በመሰለው ወረቀት ውሃ እየነካካች አሸችው። ከዚያ በአባቷ አሮጌ ቀበቶ ጀርባ ላይ አመላለሰችው። ጋዜጣ አንጠልጥላ ብታስነካው ለሁለት ተከፈለ። አያትየዋ፣ ይሄ እባብ እንጂ ቢላ አይደለም ብላ አጉረመረመች። ልጅቷም አንቺማ ማንኪያም ትፈሪያለሽ ብላ ሳቀችባትና ልትታጠብ ገባች።

ውሃው መንሿሿት ሲጀምር አያትየዋ ቢላውን አነሳች። ትንሽ ብቻ፣ ሥጋ እንዳይደፍር ያህል ብላ ስለቱን የደጃፉ ድንጋይ ላይ አሻሽታ ቦታው መለሰችው። እፎይ አለች።

የፈሩት ይደርሳል። ልጅቷ ታጥባ ወጥታ ለመለማመድ ቲማቲም ብታስቀምጥ ቢላው ልጣጩን ዳጠው እንጂ አልገባም። ምን ነካው ብላ ስትጫነው ተንሸራቶ የግራ እጇን አውራ ጣት ሸረከተው።

አያትየዋ ሻሿን ፈትታ አሰረችላት። ልጅቷ ግን ቢላውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርጋ ታየዋለች፤ ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ያበራል። ስል ቢላ እንዲያ አያበራም።

«እማማ፣ ነክተሽዋል?»

«እንዳይቆርጥሽ ብዬ ነው፣ የኔ እናት።»

«ስል ቢላ የላክሽው ቦታ ይሄዳል። ወደ ሰው የሚዞረው ደነዙ ነው።»

ብትቆጣት ለአያትየዋ በቀለላት ነበር። ልጅቷ ሻካራውን ወረቀት እንደገና አወጣች። ግን ቢላውን ከላይ የሚጫነው ግራ እጇ ነው፤ እሱ ታስሯል። አያትየዋ ሳትጠየቅ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ጣቶችሽን እዚህ ላይ አሳርፊ፤ ጠርዙን እንዳትነኪ።»

አንዷ እጀታውን ይዛ፣ አንዷ እየተጫነች ከሻካራው ወደ ለስላሳው አለፉ። መጨረሻ ላይ አያትየዋ ቀበቶውን ወጥራ ያዘችላት። ጋዜጣው ሲከፈል ዓይኗን ጨፈነች።

ልጅቷ ቢላውን በጨርቅ ጠቀለለች። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ቦርሳውን ይዛ ልትተኛ ገባች፤ በሩንም ከውስጥ ቆለፈችው። አያትየዋ የቁልፉን ድምፅ ሰማች፤ ቀበቶውን ጠቅልላ በጉልበቷ ላይ እንዳደረገች ቀረች።