በእጅ የተሣለ

ኢሜይሉ የደረሰው ሰኞ ጠዋት ነበር። ባሊ ላይ ሊከፈት የተቃረበ አንድ ትልቅ ሆቴል ለክፍሎቹ ሁሉ የአልጋ ልብስና የእንግዳ ካባ የሚሆን ባቲክ፣ በሰም እየተሣለ ቀለም የሚነከር ጨርቅ፣ ይፈልጋል። ፔካሎንጋን ከተማ ያለውን የዳርሶኖን የባቲክ ቤት ሰው ጠቁሟቸዋል። ድረ ገጹን ሲያዩት ግን ቅር ብሏቸዋል። ከተነካ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ የተጻፈው ነገር ዛሬም እውነት ይሁን አይሁን አይታወቅም። «እስከ ዓርብ ይዘቱን ገምግማችሁ ብታድሱልን፣ ኮሚቴያችን አይቶ ይወስናል» ይላል።

ኢንዳርቲ ለአባቷ ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

«ምኑ ነው የሚታደሰው?» አሉ ዳርሶኖ። «ቤቱ እሱው ነው፤ እኔም እኔው ነኝ።»

«ባፓ፣ ፎቶው ላይ ፀጉርዎ ጥቁር ነው።»

«እሱንማ እንዳትነኪብኝ!» ብለው ሳቁ።

ኢንዳርቲ ደነገጠች። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባቷ ሲስቁ ሰምታ አታውቅም። እሷም ብትሆን ደስ የሚል ነገር ከሰማች ቆይታለች። ሰማራንግ ከተማ የምትሠራበት የመድን ቢሮ ሠራተኛ ሲቀንስ የእሷ ስም ከላይ ነበር። በአርባ አንድ ዓመቷ አንድ ሻንጣና አንድ ላፕቶፕ ይዛ ወደ አባቷ ቤት ከተመለሰች ሁለተኛ ወሯን ይዛለች። ድረ ገጹን ያኔ በወጣትነቷ የሠራችው ራሷ ናት። ስለዚህ የሆቴሉን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ደጋግማ አነበበችው። ይህ ትእዛዝ ከተገኘ ቤቱ ይተርፋል፤ እሷም ከቤቱ ጋር።

በማግስቱ ገጾቹን ሁሉ በወረቀት አትማ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ገጽ «ሰፊና አየር የሚገባው ግቢያችን» ይላል። ግቢው ባሕር ገብቶበታል። ነገሩ የጀመረው በቦይ በኩል ነበር፤ ጨረቃ ስትሞላ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውሃ ሽቅብ ይመጣና ይመለሳል። የሰፈሩ ሰው ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ እየተሳሳቀ ይሻገረው ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ነው። ዳርሶኖ የቤቱን ወለል ሦስት ጊዜ በአፈርና በሲሚንቶ አስነሥተዋል። ወለሉ ከፍ ባለ ቁጥር ጣሪያው ቀረበ፤ ዛሬ ሳሎኑ ውስጥ ረጅም ሰው ቀጥ ብሎ አይቆምም። በሩን የሚገባው ሁሉ፣ ወዳጅም ይሁን ቀረጥ ሰብሳቢ፣ ጎንበስ ብሎ ነው።

«ሰፊና አየር የሚገባው» የሚለውን ሰረዘች። «መኪና እስከ በራችን ይደርሳል» ሰረዘች። «በየቀኑ ከሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ክፍት ነን» የሚለው ላይ ደረሰችና ቆመች። የሚከፈቱበትን ሰዓት የሚወስነው አሁን ማዕበሉ ነው። ይህን እንዴት ብላ ትጻፍ? አልፋው ሄደች።

ቀጥሎ «ሴቶቻችን» የሚለው ገጽ መጣ። ሃያ ስድስት ሴቶች በአራት ረድፍ ተቀምጠው፣ እያንዳንዷ ሰም የምታፈስባትን ትንሽ የመዳብ መጻፊያዋን እንደ ማንኪያ ከፍ አድርጋ ይዛ ይስቃሉ። ከሥሩ «እያንዳንዱ ጨርቅ በዚህ ቤት ሴቶች በእጅ የተሣለ ነው» ይላል። ኢንዳርቲ የማንኛዋ ስም የማንኛዋ እንደሆነ ጠፋባትና ፎቶውን ይዛ ቡ ካስሚና ዘንድ ሄደች።

ሁሉም ቡ፣ እማማ፣ የሚሏቸው ካስሚና ከጓሮ ባለችው ክፍል የሚኖሩ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ለዚህ ቤት የሣሉ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። አልጋቸው በጡብ ላይ ቆሟል። ፎቶውን ተቀብለው አፍንጫቸው ሥር አስጠጉት።

«ይቺ ሱርቲ ናት። ልጇ ጋ ጃካርታ ገባች፤ ሞግዚት አድርገዋታል። ይቺ ዋጊና፣ ጫማ ፋብሪካ። ይቺ ምላሷ ጤፍ የሚቆላው ሮምላ ናት፤ ነፍስ ይማር። መቃብሯን ውሃ ስለዋጠው ልጆቿ አበባ የሚረጩት በጀልባ ሆነው ነው። አየሽ፣ በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ ዋና አልወደደችም!»

ራሳቸው ባመጡት ቀልድ ትንሽ ሳቁ። ከሃያ ስድስቱ ዘጠኙ ሞተዋል። የቀሩት ተበትነዋል። በሰፈሩ ያሉት ካስሚናና፣ አሁን ጨርቅ እያጠፉ የሚተኩሱት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«ቡ፣ ታዲያ አሁን የሚሥሉት እነማን ናቸው? ባፓ ሴቶቹ የሚሠሩት በየቤታቸው ሆነው ነው ብለውኛል።»

ቡ ካስሚና ፎቶውን አጥፈው መለሱላት። «ሻይ ላፍላልሽ?» አሉ።

«ቡ።»

«እኔ ስለ ሰም ነው የማውቀው፣ ልጄ። ሌላውን አባትሽን ጠይቂ።»

ረቡዕ ዕለት ኢንዳርቲ አዲስ ፎቶ ልታነሣ ዕቃ ቤት ገባች። ከውሃ እንዲርቁ ጨርቆቹ በላይኛው መደርደሪያ ላይ ተቆልለዋል። አንዱን አውርዳ ዘረጋችው፦ ሰማያዊ ላይ ወርቅማ ዓሣዎች። ያምራል። ሁለተኛውን ዘረጋችው። ሦስተኛውን ስትዘረጋ አየችው። በሦስቱም ላይ፣ ከግራ ሦስተኛው ዓሣ ጅራቱ ጋ መስመሩ ተቋርጧል። ሰው ይሳሳታል፤ አንድን ስሕተት ግን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ልክ፣ ሦስት ጊዜ የሚደግም እጅ የለም። ጨርቁን ገለበጠችው። ጀርባው ገርጥቷል። በሰም የተሣለ ባቲክ ፊቱና ጀርባው አንድ ነው፤ ቀለሙ ዘልቆ ይገባል። ይህን የዚህ ከተማ ልጅ ሁሉ መራመድ ሳይጀምር ያውቀዋል። አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አሸተተችው። ሰም ሰም አይልም። ማሽን ያተመው ነው።

አባቷን በረንዳ ላይ አገኘቻቸው። ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ በጀርባው አነጠፈችላቸው። 

ዳርሶኖ የገረጣውን ጀርባ በመዳፋቸው ደባበሱት። «አራት ዓመት ሆነው» አሉ። «የቀለም ገንዳዎቹን ባሕር ሲገባባቸው፣ ጨው ቀለሙን ገደለው። ሴቶቹ ሄዱ። ከደቡብ ሰፈር ካለው ማተሚያ ፋብሪካ ነው የማመጣው። መጀመሪያ ለአንድ ወር ብቻ ብዬ ነበር።»

«የቤቱን ማኅተም እየመቱበት?»

«የቸገረው እርጉዝ ያገባል፣ ኢንዳርቲ። ሁለቱ ጨርቅ ተኳሾች ምን ይብሉ? ካስሚናን ማን ያስጠጋት? አንቺስ መጥተሽ የበላሽው ሩዝ ከየት የመጣ መሰለሽ?»

ይህን ሲሏት ኢንዳርቲ ፊቷን አዞረች።

«በእጅ የተሣለ የምትለዋን ዓረፍተ ነገር አትንኪያት» አሉ፤ ድምፃቸው ወረደ። «ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊው። ፀጉሬንም ከፈለግሽ አንጪው። ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተዪልኝ። ሆቴል የሚያድር ሰው አንሶላ ገልብጦ አያይም።»

ኢንዳርቲ አባቷ ሰው ሲለምኑ አይታ አታውቅም። «እሺ» አለች።

ዓረፍተ ነገሯ ከቆየች ደግሞ ምስክር የሚሆን ፎቶ ያስፈልጋታል። ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ውሃው ሸሽቶ ግቢው ጭቃ ብቻ በሆነበት ሰዓት፣ ቡ ካስሚናን ልታነሣቸው መጣች። አሮጊቷ ለሠርግ የሚለብሱትን ዳንቴል ሸሚዝ ለብሰው፣ ፊታቸውን ፓውደር ተቀብተው ጠበቋት። ምድጃው ተለኮሰ፣ ሰሙ ቀለጠ፣ ነጩ ጨርቅ በእንጨቱ ላይ ተንጠለጠለ። ቡ ካስሚና መጻፊያቸውን ሰሙ ውስጥ ነከሩ፣ ጫፏን እፍ አሉባት፣ እጃቸው ተነሣ። አቤት ያ እጅ! ለስለስ ብሎ፣ ሳይጣደፍ፣ አምሳ ዓመት የለመደውን መንገድ ተያያዘው። ኢንዳርቲ ስልኳን ደቅና ደጋግማ አነሣች።

ከዚያ መስመሩን አየችው። ጨርቁ ላይ ጀምሮ ጫፉ ደርሷል፤ ከጫፉ ወርዷል። ቡ ካስሚና የሚሥሉት አሁን የራሳቸው ቀሚስ ላይ፣ ጭናቸው ላይ ነበር። ትኩሱ ሰም እየነካቸው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ለፎቶ እንዳይበላሽ ፈገግታቸውን ሳይለቁ ይቀጥላሉ። ዓይናቸው ጨርቁንና ቀሚሱን አይለይም።

«ቀጥ ብሏል?» አሉ።

ኢንዳርቲ ስልኳን ዝቅ አደረገች። «ቀጥ ብሏል፣ ቡ» አለች።

«እጅ አይረሳም እኮ። ለአባትሽ ንገሪው፤ ጡረታ ያወጣኝ እሱ ነው እንጂ እኔ አልወጣሁም።»

ጎንበስ ብላ ሰሙን ከቀሚሳቸው ላይ በጥፍሯ ላጠችው። ከሥሩ ያለው ቆዳ ቀልቷል። ቡ ካስሚና ግን ጸጉራቸውን ደባብሰው ወደ ካሜራው አቅጣጫ፣ ማለት ካሜራው አለበት ብለው ወዳሰቡት አቅጣጫ፣ ዞሩና አንድ እንድትጨምርላቸው ጠየቋት።

ፎቶው አማረ። ዓርብ ጠዋት ላፕቶፑን ከፍታ ስታየው፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለዚያ ቤት የተነሣ እንዲህ ያለ ምስል አልነበረም። ማንም ቢያየው ያምናል። ቀሚሱ እንዳይታይ ፎቶውን ጨርቁ እስከሚያልቅበት ድረስ ቆርጣ ከሥሩ ያችን ዓረፍተ ነገር አስቀመጠች፤ ጣቷ ግን ገጹን ይፋ የሚያደርገው «አውጣ» የሚል ቁልፍ ላይ አልሄድ አላት። ከመስጊድ የዓርቡ ሶላት ጥሪ ተሰማ፣ አባቷ ወጥተው ተመለሱ፤ እሷ እዚያው ነበረች። በመጨረሻ ፎቶውን አጠፋችው። ዓረፍተ ነገሯን አጠፋቻት። በቦታዋ እንዲህ ስትል ጻፈች፦

«ይህ ቤት ለስድሳ ዓመት ባቲክ በእጅ ሥሏል። ባሕር ከገባብን ወዲህ ግን አንሥልም። ላለፉት አራት ዓመታት የሸጥነው በማሽን የታተመ ነው። ከሥር ስማቸው የተዘረዘረው ሴቶች ትክክለኛውን የሠሩት ናቸው።» ሃያ ስድስቱንም ስም ጻፈች።

አባቷን ጠርታ አሳየቻቸው። ዳርሶኖ መነጽራቸውን አድርገው፣ ቃል በቃል በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት።

«ይሄ ምንድን ነው? ድረ ገጽ ነው ወይስ የሞት ማስታወቂያ?»

«ባፓ፣ ትናንት ቡ ካስሚና...»

«እኔን በቁሜ ቀበርሽኝ!» ጮኹ። ወዲያው ድምፃቸው ተሰበረ። «ማን ጠየቀሽ? እውነቱን ንገሪን ያለሽ ሰው አለ? አድሱት ነው ያሉት!»

እጃቸው ወደ ላፕቶፑ ሲዘረጋ ቀደመቻቸውና «አውጣ» የሚለውን ተጫነችው። ወጣ። እውነት ተናግሮ ቀለል የሚለው ሰው አለ ይባላል፤ ኢንዳርቲ ግን ምንም አልቀለላትም። እንዲያውም የአባቷን ፊት ስታይ መልሳ ልታጠፋው እጇን አንሥታ ነበር፤ እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ከበሩ ወጥተው ሄደዋል።

ሆቴሉ ሰኞ ዕለት በሁለት መስመር መለሰ። ስለ ግልጽነታችሁ እናመሰግናለን፣ መልካም ዕድል እንመኛለን። በዚያው ሳምንት ከስድስቱ ቋሚ ደንበኞች ሦስቱ ገጹን አይተው ጨርቁን መለሱ፤ አንደኛው ዕቃውን ውሃው ውስጥ ጥሎት ሄደ። ሁለቱ ጨርቅ ተኳሾች ሥራቸውን አጡ። ታናሺቱ በር ላይ ቆማ፣ «አንቺ ነሽ አሉ የጻፍሽው» አለቻት። «እኔ ማንበብ አልችልም። ምን ብለሽ ብትጽፊ ነው እንዲህ የሆነው?» 

ቡ ካስሚናን ሴት ልጃቸው ወደ ተጋል ከተማ ልትወስዳቸው መጣች። ሻንጣቸው ጀልባ ላይ ከተጫነ በኋላ አሮጊቷ ኢንዳርቲን በእጃቸው ፈልገው ክንዷን ያዙ።

«ፎቶዬስ? ወጣልኝ?»

«ወጣ፣ ቡ።»

«ሰው አየው?»

«ብዙ ሰው አየው። እጅዎን አደነቁ።»

ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን በእንጨት ገፋው። ቡ ካስሚና እንደ ሙሽራ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሄዱ።

አባትና ልጅ ዝናቡ ሳይጀምር ደቡብ ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራዩ። ቤቱን የሚገዛ አልተገኘም፤ የባሕር ወለል ማን ይገዛል። ዳርሶኖ ከልጃቸው ጋር የሚነጋገሩት ስለ ሩዝና ስለ መድኃኒት ብቻ ሆነ። ኢንዳርቲ አራት ወር ሥራ ፈልጋ፣ በመጨረሻ የጠራት ያው ማተሚያ ፋብሪካ ነበር። ድረ ገጽ የሚያድስ ሰው ፈልገዋል።

ሥራ አስኪያጁ ደግ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦላት ጣፋጭ ሻይ አስመጣላት። «ማሽኑ፣ ዋጋው፣ ሁሉም ተጽፏል» አላት። «ስለ እኛ የሚለው ገጽ ብቻ ባዶ ነው። አንድ የድሮ የድሮ የሚሸት ነገር ጣል አድርጊበት። አያት፣ ቅድመ አያት፣ እንደዚያ ያለ። አንቺ ከባቲክ ቤት ነሽ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አያቅትሽም።»

«ፋብሪካው ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሰባት» ብሎ ሳቀ። «እሱን አትጻፊው።»

ኢንዳርቲ የተሰጣትን ጠረጴዛ ይዛ ተቀመጠች። ከግድግዳው ወዲያ ማሽኑ ያለማቋረጥ ይጮኻል። ከባድ ይሆናል ብላ ፈርታ ነበር፤ አልከበዳትም። ስለ አንድ አያት ጻፈች፣ ስለ ሰም ሽታ፣ ከእናት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ እጅ ጻፈች። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀባትም። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አንድም ቃል አልቀየረባትም።

ማታ እራት ስታቀርብ፣ አባቷ ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለ ሥራዋ ጠየቋት።

«ምን አሠሩሽ?»

«ጽሕፈት» አለቻቸው፤ ሩዙን ጨመረችላቸው።