በሁለት ስልክ የመጣ ኢሜይል

የኔሰው ሞጣ ላይ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ሚስቱ ፀሐይነሽ ቢቸና ጂኦግራፊ ታስተምራለች። አንድ ቦታ ለመሥራት ዝውውር ከጠየቁ አራት ዓመት አልፏቸዋል። እስከዚያው የሚገናኙት ቅዳሜና እሁድ ነው፤ አንድ ሳምንት እሱ ይሄዳል፣ አንድ ሳምንት እሷ ትመጣለች።

ፀሐይነሽ አንገቷ ላይ እብጠት የወጣባት ካቻምና ነበር። እንቅርት በአገሩ ብርቅ ስላልሆነ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ እሷም ሻርፕ ጣል እያደረገች ክፍል ትገባ ነበር። ዘንድሮ ጠጠር ሲል ግን የኔሰው ዳሰሰው። ስንት ከብት ሲዳብስ የኖረ እጅ ነው፤ ያገኘውን አልወደደውም። ባሕር ዳር ወሰዳት። ሐኪሙ በመርፌ ናሙና ወሰደላትና ውጤቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ በኢሜይል እንደሚደርሳት፣ ቀጠሮም ካለ እዚያው ላይ እንደሚጻፍ ነገራት።

ስልኳ አሮጌ ነው፤ ባትሪው ግማሽ ቀን አያደርስም፤ የቢቸና መብራት ደግሞ የሚመጣበትና የሚሄድበት አይታወቅም። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሞጣ ስትመጣ አብረው ሙጀሂድ ዘንድ ሄዱ። ሙጀሂድ ከአባቱ የጨርቅ ሱቅ አንዱን ጥግ ይዞ ስልክ የሚጠግን፣ ሲያስረዳ የማይቸኩል ሰው ነው።

ሁለት መንገድ አለ አላቸው። አንደኛው ስልኩ ይዞት በመጣው ኢሜይል ላይ ፑሽ ማብራት ነው፤ መልእክቱ እዚያ እንደተላከ እዚህ ይጮሃል፤ ነገር ግን ስልኩ ቀኑን ሙሉ ሲያዳምጥ ስለሚውል ባትሪውን ይጨርሰዋል። ሁለተኛው ቀለል ያለ የኢሜይል አፕ መጫን ነው፤ እሱ ባለቤቱ ከፍቶ ካላየው በቀር ምንም አያመጣም።

«ሁለተኛው ይሁንልኝ» አለች ፀሐይነሽ።

የኔሰው ለባትሪው አስባ መሰለውና ኃይል መሙያ ሊገዛላት እንደሚችል ነገራት።

«ለባትሪው አይደለም» አለችው። «ሰባ ተማሪ ፊት ቆሜ እንዲጮህብኝ አልፈልግም። ስችል እከፍተዋለሁ።»

እሱ ግን እንዲያ መጠበቅ አይችልም። አድራሻዋ በእሱም ስልክ ላይ እንዲገባ፣ በፑሽም እንዲሆን ጠየቀ። ሙጀሂድ ቀና ብሎ ፀሐይነሽን አያት። ጥቂት አሰበችና ፈቀደች፤ ቀድሞ ቢያየው ግን እሷ ከፍታ እስክታነበው ድረስ ምንም እንዳይነግራት ቃል አስገባችው። የኔሰው ቃሉን ሲሰጥ ቀላል ነገር መስሎት ነበር።

ሙጀሂድ ዘንድ በሄዱ በአሥረኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ከብት ሲከትብ ስልኩ ደረት ኪሱ ውስጥ ጮኸ። ከፊቱ ተይዛ የቆመችውን ጊደር ከተበ፤ ጓንቱን አወለቀ፤ አጥር ጥግ ቆሞ አነበበ። ደብዳቤው አጭር ነበር። እብጠቱ ካንሰር ነው፤ በጊዜ ከወጣ ጥሩ ተስፋ ያለው ዓይነት ነው፤ ታካሚዋ በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ለቀዶ ሕክምና ትቅረብ፤ ይህ ተራ ካለፋት ሌላ የሚገኘው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ተመልሶ የቀሩትን አሥራ አንድ ከብቶች ከተበ።

ማታ እንደወትሮው ተደዋወሉ። ፀሐይነሽ ስለ ፈተና ወረቀትና ስለ ተሰበረው የክፍል መስኮት አወራችው። ሳይጠይቃት ገና አልከፈትኩትም አለችው። እሱም ጊዜ አለሽ ብሎ መለሰላት፤ ጊዜ እንደሌላት እያወቀ። ረቡዕም እንዲሁ ሆነ። ሐሙስ ቀትር ላይ ደውላ ቢቸና ዳታ እንደተቋረጠ ነገረችው፤ ድምፅዋ ውስጥ እፎይታ ሰማ። የኔሰው ስልኩን ዘግቶ በቀጥታ ወደ ሙጀሂድ ሄደና የእሷን ፑሽ ከዚህ ሆኖ ማብራት ይቻል እንደሆነ ጠየቀው።

«አይቻልም ዶክተር» አለው ሙጀሂድ። «ቢቻልም አልነካውም፤ ቃል ሲገቡላት ሰምቻለሁ።» ከዚያ ጠመንጃ መፍቻውን አስቀመጠ። «የቢቸና ሚኒባስ ግን ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ይወጣል።»

ዓርብ በእሱው ሄደ። ደብረ ወርቅ ላይ ሹፌሩ ለቁርስ ሲያቆም የኔሰው ከመቀመጫው አልተነሣም። ምን እንደሚላት አላወቀም፤ የሚያውቀው ሦስት ቀን እንደቀረ ብቻ ነው።

ትምህርት ቤቱ ሲደርስ እረፍት ሰዓት ነበር። ፀሐይነሽ የተጠቀለለ ካርታ በብብቷ ይዛ ከክፍል ስትወጣ በሥራ ቦቲው በሩ ላይ ቆሞ አየችው። የዚያ ሳምንት ተራ የእሷ ነበር፤ እሱ እንዲመጣ የሚጠበቅ አልነበረም። ባለችበት ቆመች፤ ከዚያ ቀስ ብላ መጣች።

«ልክፈተው?» አለችው።

«እኔ ምንም አልነገርኩሽም።»

«አልነገርከኝም።»

ግቢው ውስጥ ካለ የጽድ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዳታው ጠዋት ተመልሶ ነበር፤ አፑ ግን ለመከፈት ብዙ ቆየ። ስታነብ የኔሰው ፊቷን ላለማየት አቀረቀረ። አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችው።

«መቼ አየኸው?»

«ማክሰኞ።»

«ስለ መስኮት ሳወራልህ ታውቅ ነበራ።»

«አውቅ ነበር።»

ትቆጣለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ክንዱን ያዝ አደረገችና ለሰኞ እንዲደርሱ እሁድ መውጣት እንዳለባቸው ተናገረች። ካርታውን አንሥታ ፈቃድ ልትጠይቅ ወደ ርእሰ መምህሩ ሄደች፤ ቀሪውን ክፍለ ጊዜም አስተምራ ወጣች። የኔሰው በሩ ላይ ሲጠብቃት ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራበው።

ቀዶ ሕክምናው ሰኞ ዕለት ተደረገ፤ በሰላም ወጣች፤ በወጣላት እጢ ፈንታ በየቀኑ የምትውጠው ክኒንም ታዘዘላት። ድምፅዋ ግን ለሁለት ወር ያህል ሻክሮ ቆየ፤ ሥራ ስትመለስ ተማሪዎቿ እንዲሰሟት ጸጥ ማለት ነበረባቸው። የወጣው እብጠት ዳግመኛ ተመርምሮ ውጤቱ በዚያው አድራሻ እንደሚመጣ በተነገራቸው ሳምንት የኔሰው ስልኩን ለሙጀሂድ ሰጠው። ሙጀሂድ ፑሹን ብቻ ልዝጋው ወይስ አድራሻውን ላንሣው ብሎ ጠየቀው፤ አንሣው አለው።

ከዚያ በኋላ እሱም እንደ ማንኛውም ሰው ጠበቀ። ቢሮ ተቀምጦ የክትባት ሪፖርት ሲጽፍ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደወለችለት።

«ዳር ዳሩ ንጹሕ ነው፤ የቀረ ካንሰር የለም ይላል» አለችው። «ክኒኑን ግን ዕድሜ ልኬን እውጣለሁ።»

ከመጀመሪያው ጀምራ ሁሉንም እንድታነብለት ለመናት። በሻከረ ድምፅዋ፣ እንግሊዝኛውን በየቃሉ ወደ አማርኛ እየመለሰች፣ እስከ ሐኪሙ ስም ድረስ አነበበችለት።