ሽታውን የሚጠብቅ ሰው

እህትየዋ ማንኪያዋን ወደ ከንፈሯ አስጠግታ እንደ ባለሙያ ቀማሽ ቡናውን ከነአየሩ ሱርርር አድርጋ ስትስበው፣ ታናሽ ወንድሟ ከጠረጴዛው ስር እግሯን ረገጣት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቡና መሸጫው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

ሲገቡ የተስማሙት እንደ ማንኛውም መንገደኛ ቀምሰው ሊወጡ ነበር። ቡና ቆልቶ መሸጥ የቤተሰባቸው መተዳደሪያ ነው፤ የሚቆላውም አባታቸው ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደንበኛ እየሸሻቸው ስለሆነ፣ አክስታቸውን ሊጠይቁ በመጡበት ከተማ ስሙ የገነነውን ይህን ቡና ቆልቶ ሻጭ ሲያገኙ ምስጢሩን ይዘው ሊመለሱ አሰቡ፤ ይህንንም ለአባታቸው በስልክ ነግረውታል።

ባለቤቱ፣ ቦርጫም ሰውዬ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጣ።

"መንገደኛ ነን አላላችሁም? እንዲህ የሚስብ መንገደኛ ገና ዛሬ አየሁ።"

"ሾርባም እንዲሁ ነው የምትጠጣው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ" አለ ወንድሟ ፈጠን ብሎ።

"ሾርባውንም ትተፋዋለች?"

እውነትም ሳታስበው እጇ ቀማሾች ቡናውን የሚተፉበትን ኩባያ ይፈልግ ነበር። ሳቋ አመለጣት። ከሳቀች በኋላ መዋሸቱ ከበዳትና ሥራቸውን ነገረችው። አባቷ የቆላውን ቡናም ከቦርሳዋ አወጣች።

"ከተያዝን አይቀር፣ የእኛንም ይቅመሱልን።"

ሰውዬው ፈጨው፣ ሙቅ ውሃ አፈሰሰበት፣ ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ። ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ።

"አባታችሁ ደህና ናቸው?"

"ምነው?"

"እጃቸው የዋዛ አይደለም፤ እሳቱን በደንብ ይዘውታል። መጨረሻው ላይ፣ በሽታው በሚለይበት ሰዓት ግን አምልጧቸዋል።"

ወንድሟ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። አባታቸው ያ ክፉ ጉንፋን ከያዘው ወዲህ ማሽተት እንዳቃተው ሁለቱም ያውቃሉ። ምድጃው ላይ ወተት እያረረ፣ እሱ አጠገቡ ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ አይተውታል። ደንበኛ "ቡናችሁ መረረን" ሲል እሷ በፍሬው ላይ ታላክካለች። ምን ታድርግ? ከመቁያ ማሽኑ ከለዩት አባቷ በቁሙ ነው የሚሞተው።

"ይተዉት አላልኩም እኮ" አለ ባለቤቱ፣ ሐሳቧን ያነበበ ይመስል። "ኑ፣ እዩ።"

ወደ ኋላ ክፍል ወሰዳቸው። ሚስቱ መቁያ ማሽኑን አሙቃ ትጠብቀው ነበር። ጥሬው ገባ። እሱ የእሳቱን መቆጣጠሪያ ያዘ፤ እሷ ከማሽኑ ጎን በምትሳብ ረዥም ማንኪያ ፍሬውን እያወጣች ታሸታለች። ቡናው መንጣጣት ጀመረ። አሸተተች፣ መለሰች፤ አሸተተች፣ መለሰች።

"አሁን!"

እሱ የማሽኑን በር ሲከፍተው ቡናው ማቀዝቀዣው ላይ ተዘረገፈ።

"ሁሌም ለሁለት ነው?" አለች እህትየዋ።

"እሱ ብቻውን ከቆላውማ ለከሰል ነጋዴ ነው የምንሸጠው" አለች ሚስትየዋ።

ከቤቱ እንደወጡ አባታቸው ደወለ።

"እህ፣ ቀመሳችሁት? ከእኛ ይበልጣል?"

ወንድሟ አጠገቧ ሆኖ ራሱን ነቀነቀባት፤ አይበልጥም በይው ማለቱ ነው።

"ይበልጣል፣ አባዬ።"

"በምን?"

"ለሁለት ነው የሚቆሉት። አንዱ እሳቱን፣ አንዱ ሽታውን። እኔም ካሁን በኋላ አጠገብህ ልቁም።"

"እኔ አፍንጫ የለኝም?"

"አባዬ... እንደማይሸትህ አውቃለሁ።"

ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ተሰማት።

"ወንድምሽም ያውቃል?"

"ያውቃል።"

"እናንተም ዝም፣ እኔም ዝም። ጥሩ ቤተሰብ ነን" አለ፤ ድምፁ ላይ ግን ቁጣ አልነበረም። "ነገ ጠዋት እቆላለሁ። ካልደረስሽ አልጠብቅሽም።"

ስልኩን ዘጋው።

"ነገ ጠዋት?" አለ ወንድሟ። "አክስቴ ለነገ ምሳ ስንት ስትዘጋጅ ከርማ! ምን ልንላት ነው?"

"የእኔንም ብላልኝ" አለችውና፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ታጠፈች።