ሰላምታ የከለከለችው መኪና

የኢንጂነሪንግ ተማሪ ለልምምድ ሲመጣ ብዙ አልጠብቅም። ግማሾቹ ሞተር ሲነኩ እጃቸውን ያቃጥላሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ ከኮምፒውተር ቀና አይሉም። ማርኒ ግን ዊመራ በሚባለው ገጠር ትራክተር ላይ ያደገች የስንዴ ገበሬ ልጅ ነበረች። ሕልሟ ሞተር መሥራት ነው። የመኪና ፋብሪካችን ከልምምዱ በኋላ አንድ ተማሪ ብቻ እንደሚያስቀር ስለምታውቅ ከሁላችን ቀድማ ትገባ ነበር።

ያን ሰሞን አዲስ ፒክአፕ እየፈተሽን ነበር። መሪዋ የሹፌሩ እጅ ላዩ ላይ መኖር አለመኖሩን ይለያል። እጅ ካጣች ትጮኻለች፤ እጁ ካልተመለሰ ደግሞ ራሷ ፍጥነት ትቀንሳለች። ሜልቦርን አጠገብ ባለው መፈተሻ ሜዳ አንድም ስህተት አልተገኘባትም። ወደ ዊመራ ወስደናት እኔና አለቃችን ጎርደን ስንነዳትም ትንፍሽ አላለችም። ማርኒ ስትነዳት ግን ትጮህ ጀመር፤ አንዴማ እህል የጫነ መኪና ከኋላችን እያለ መሃል መንገድ ላይ ልትቆም ምንም አልቀራትም።

«መሪ ትለቂያለሽ» አላት ጎርደን።

«አልለቅም!»

«ታዲያ እኛ ስንነዳት ለምን አትጮህም? አንቺን ለይታ ጠላችሽ?»

«እናቴ ትሙት፣ አልለቀቅኩም!»

ጎርደን ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን አንድ ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ከገባ በመዶሻም አይወጣም። ምሳ ላይ ለብቻዬ «ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን የራሷን እጅ የማታውቅ ሰው አላስቀርም» አለኝ። አዘንኩላት።

በማግስቱ እሱ ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ ላፕቶፔን ታቅፌ ተቀመጥን። ወቅቱ አጨዳ ስለነበር መንገዱ በእህል ጫኝ መኪኖች ተሞልቷል። የመጀመሪያው ከፊት ሲመጣ ማርኒ መሪው አናት ላይ ያለውን መዳፏን ላላ አድርጋ ጣቶቿን አነሳች። የመጣውም ሹፌር አነሳ። ከኋላው ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ተከታተለ፤ እጇ ሳይመለስ መኪናዋ ጮኸች።

«ማነው?» አላት ጎርደን።

«የቱ?»

«ሰላም ያልሽው።»

«እኔ? ማንንም ሰላም አላልኩም!»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አልዋሸችም። በዚያ አገር ከፊት የመጣን ሰው ያለ ሰላምታ ማሳለፍ ነውር ነው። ሲተነፍስ ትንፋሹን የሚቆጥር ማን አለ?

ጎርደን ደስ አለው። «በቃ፣ መኪናዋ ጤነኛ ናት። እጅሽን ሰብስቢና እንገላገል።»

ሰበሰበች። በሁለት እጇ ጭብጥ አድርጋ እስከ ነዳጅ ማደያው ነዳች፤ መኪናዋም ዝም አለች። የማርኒ ፊት ግን ቲማቲም መስሏል። የምታውቃቸው ሰዎች ሲያልፉ እያየች እንዳላየች መሆን ነበረባት።

ነዳጅ እየቀዳን ሳለ አንድ የጭነት መኪና ተከትሎን ገባ። የአባቷ ጎረቤት ክሌም ነው፤ ካለፈን በኋላ መኪናውን አዙሮ የመጣው ለእሷ ብሎ ነው።

«ማርኒዬ፣ ምን በደልኩሽ? ወይስ አባትሽ አንድ ነገር ሆኗል?»

«ኧረ ደህና ነው ክሌም! ሥራ ላይ ሆኜ ነው።»

«ሥራ ሰላምታ ይከለክላል እንዴ?»

ማርኒ ወደ ጎርደን ዞረች። «ይህችን መኪና የሚገዛት እንደ እሱ ያለ ሰው ነው። ሰላም ካልክ ትጮህብሃለች፣ እጅህን ሰብስብ ብለህ ንገረው። እኔ አልነግረውም፤ ጤነኛ ናት ብዬም አልፈርምም።»

«መሪውን እንደገና መሥራት እኮ ነው! ሽያጩ ይዘገያል፣ ዋናው ቢሮ ይበላኛል።»

«መሃል መንገድ ላይ ቆማበት ከኋላ ቢገጩትስ?»

ክሌም ጣልቃ ገባ። «ጎረቤቴን ሰላም ስል የምትጮህብኝ መኪና ናት? ለጩኸቱ ሚስቴ አለችልኝ።»

ጎርደን ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ከበደ። «ዋናው ቢሮ ፊት ቆመሽ ይህን ትናገሪያለሽ?»

«እናገራለሁ።»

ተናገረች። አለቆቹ አስደገሟት፣ ተቆጧት፣ በመጨረሻም ሽያጩን አዘገዩት። ያቺ አንዲት ቦታም ለእሷ ተሰጠች፤ ሞተር ክፍል ሳይሆን መሪውን እንደገና የሚሠሩት ዘንድ። ጎርደን ወረቀቱን ሲሰጣት «ከእንግዲህ ስትፈትሺ ራስሽንም ጨምረሽ ፈትሺ» አላት።

እዚያው አጠገቤ ቆማ ወደ ቤት ደወለች። የአባቷ ድምፅ ጮክ ያለ ስለሆነ እኔም እሰማዋለሁ።

«አባዬ፣ ሥራ አገኘሁ!»

«ሞተር ላይ?»

«አይ። ሰው ሰላም ሲል መኪና እንዳትደነብር ማድረግ ላይ።»

ተከፋ ብዬ ሰጋሁ።

«እስከ ዛሬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እዚያ ፋብሪካ ከእኛ ከገጠሮቹ ወገን አንድም ሰው አልነበረም ማለት ነው?»

«አሁን አለ» አለችው።